የማይለቅ ቀለም

ፒያሳ፣ ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ፣
ደረጃው ወደ ምድር ቤት ሲገባ፣
አንዲት ክፍል አለች፤ መስኮቷ ከእግረኛው ቁርጭምጭሚት እኩል፣
ቀኑን ሙሉ ጫማ ነው የማየው፦ አንዱ ዳገት፣ አንዱ ቁልቁል።
ሲመሽ ጫማውም ያልቃል፤
ዝናቡ ብቻውን አስፋልት ያጥባል።

ከላይኛው ሆስፒታል ተላላኪዋ መጣች፣ በእጇ ብልቃጥ፣ በብልቃጡ ጠብታ፣
ደመና የመሰለ ውኃ፣ ከአንድ ልጅ ጀርባ የተቀዳ ማታ።
ስም የለውም፤ ቁጥር አለው፦ አራት መቶ አሥራ ሰባት።
ዕድሜ፣ ስድስት። አንገቱ ደርቋል ይላል ወረቀቱ። ትኩሳት።

መስታወቱ ላይ ቀባሁት፤ አደረቅሁት፤ በእሳት ሦስቴ አሳለፍኩ።
ክሪስታል ቫዮሌት አፈሰስኩ፤ ደቂቃ ቆጠርኩ።
አዮዲን ደገምኩ፣ ቀለሙ ከውስጥ እንዲታሰር።
ከዚያ አልኮል፤ ፈተናው እሱ ነው፤
እዚያ ይለያል ባለግንብና ባለአጥር።
ግንቡ ድርብርብ የሆነ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ የተነጠፈ፣
አልኮል ቢዘንብበትም ይቀራል ወይን ጠጁን እንዳቀፈ።
አጥሩ የሳሳው ታጥቦ ይነጣል፣
ኋላ ሳፍራኒን ሲሰጡት፣ በውሰት፣ ሮዝ ይለብሳል።

ጋሽ ደርበው፣ በዚች ወንበር ሠላሳ ዓመት ያጎነበሰው፣
«ቀለሙ ሰፈሩን ይነግርሻል» ይል ነበር፤ «ቅርጹ ነው ከደጁ የሚያደርሰው።»

ስታፊሎኮከስን መጽሐፉ «የወይን ዘለላ» ይለዋል፤ እኔ ዘለላ የት ዐውቄ!
በሲኒማ ቤቱ በረንዳ ሥር ነው የማየው፣ ዶፍ ሲወርድ ከሰው ጋር ተጣብቄ።
ስትሬፕቶኮከስ ሰልፍ ነው፤ የማታ አንድ ሰዓት የታክሲ ሰልፍ፣
ከማዘጋጃ ቤቱ ጥግ ተነሥቶ፣ ጠምዘዝ እያለ በኩሬው ዳር የሚያልፍ።
ዘንጎቹም አሉ፤ በፈረሰ ቤት ቦታ ላይ እንደተከመረ አጠና፤
አንዳንዱ ሆዱ ውስጥ ዘር ቋጥሮ፣ ክፉ ቀን እስኪያልፍ ይተኛና፣
ሲመቸው ይነሣል እንደገና።
አንዱ ጫፉ አብጦ የከበሮ መምቻ ይመስላል፤
መንጋጋ ቆልፍ የእሱ ሥራ ነው፤ ምስማር የወጋው ያውቀዋል።
ስለ ዲፍቴሪያው «የቻይና ፊደል» የሚለውን ሳነብለት ጋሽ ደርበው ሳቀ፦
«ቻይና ድረስ ምን አስኬደሽ? ያቻት ‘ለ’፤ ያቻት ‘ገ’፤
ያ ደግሞ ‘ሰ’ ነው፣ ባንድ እግሩ የወደቀ።»

አሁን ዘይት ጠብ አደረግሁ።
ሌንሱን አወረድኩ።
መብራቱ ብልጭ ጥፍት አለ፤ ጠበቅሁት፤ ተመለሰ።

መጀመሪያ ነጭ የደም ሴሎች፣ በሌሊት ጩኸት እንደተጠራ ጎረቤት፣
ሮዝ ለብሰው፣ ግር ብለው።
በመካከላቸው ሁለት።
ደግሞ ሁለት።
ወይን ጠጅ፤ ክብ ናቸው እንዳልል ጫፋቸው ሾሏል፣
ዙሪያቸውን ቀለም ያልነካው ክፍት ቦታ ከቧቸዋል፦
ባንድ ጃንጥላ ሥር፣ ትከሻ ለትከሻ፣
ዝናቡ እስኪያባራ የቆሙ፣ ማንንም የማይሹ የማታ ማታ እንግዶች።

መዝገቡ ላይ ጻፍኩ፦ ግራም ፖዘቲቭ። ኮካይ። ጥንድ። ጫፉ የሾለ።
ከዚህ አላልፍም፤ ስሙን ነገ የሚነግረን በሳህኑ ላይ የበቀለ።
ስልክ ደወልኩ። ዶክተር ፍሬሰንበት፣ «እርግጠኛ ነሽ?»
«ቅርጹን፣ አዎ።»
ዝም አለች። ብዕር ሲጫጫር ሰማሁ።

ደጁ ላይ አባትየው ቆሟል፤ ከኮቱ ውኃ ይንጠባጠባል፤
«ምን ታየ?» ሲለኝ ምን ይባላል?
ጥንድ ጥንድ ሆነው ቆመዋል ይባላል?
«መድኃኒት እያዘዙለት ነው፤ እሱ ጋ ይሂዱ» አልኩት።
ጫማውን በመስኮቱ አየሁት፣ ዳገቱን ሲሮጥበት።

ንጋት ላይ እጄን በሳሙና ፈተግሁ፣ በአልኮልም ደገምኩ፤
አውራ ጣቴ ግን እንደ ባለግንቡ፣ እንቢ አለኝ። ተውኩ።
ታክሲ ውስጥ ሂሳብ ስሰጥ ረዳቱ ጣቴን አይቶ፣
«ምርጫ ነበር እንዴ ትናንት?» አለ፣ ተሳፋሪውን ሁሉ አስቆ።
«ነበር» አልኩት።
«ማን አሸነፈ?»
በመስታወቱ የሆስፒታሉን ፎቅ ዞሬ አየሁ፤ አንድ መስኮት ይበራል።
«ገና» አልኩት። «ገና ይቆጠራል።»